መርፌ የሚፈራን ሰው ብቻውን አንላክ

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ስለ ራሽን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሪሴትልመንት መጻፍ ሲገባ የመርፌ ፍርሃት ምን ያስጽፋል የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ዋራበሌ ስለምንኖር በዓይናችን የምናየው ነገር አለ። ከአሊ አዴና ከሆልሆል በሪፈር ወረቀት ወደ ጅቡቲ ከተማ ለምርመራ ከሚላኩት ሰዎች አንዳንዶቹ እዚሁ ሰፈራችን፣ ወገን ቤት ያርፋሉ። ከመካከላቸው ወረቀቱን እንደታጠፈ በኪሱ ይዞ፣ "ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ" እያለ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ፣ ደሙን ሳይሰጥ ወደ ካምፕ የሚመለስ አለ። ለምን ሳትመረመር መጣህ ሲባል "ማሽኑ ተበላሽቷል አሉኝ" ይላል። ማሽኑ አልተበላሸም። ሰውየው መርፌ ፈርቶ ነው፤ ፈራሁ ማለትን ደግሞ ከመርፌው ይበልጥ ፈርቶታል።

ይህን የምንለው ልናሾፍ አይደለም። ማሾፉ ነው እኮ ጉዳቱን ያመጣው። "አንተ ትልቅ ሰውዬ! በረሃ አቋርጠህ መጥተህ የትንኝ ንክሻ የምታክል ነገር ትፈራለህ?" ይባላል። ሰውየው አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ወዳለበት መንገድ አይደርስም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ እንነጋገር።

ሰው አውሬ ሲያይ ወይም ጥይት ሲሰማ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ እግሩ ለሩጫ ይነሳል። በዚያ ሰዓት ሰው አይዝለፈለፍም። የደምና የመርፌ ፍርሃት ግን የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንዱ ሰው ዘንድ ልብ መጀመሪያ ይፈጥንና ከዚያ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ የደም ግፊት ቁልቁል ይወርዳል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ሰኮንድ ያንሳል። ጆሮ ይጮሃል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቃል፣ ጉልበት ይከዳል። ይህ በፈቃድ የሚደረግ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜም በቤተሰብ የሚሄድ ነው፤ አባቱ ደም ሲያይ የሚወድቅ ከሆነ ልጁም የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ደርግ ሲወድቅ ድንበር ተሻግረው ጅቡቲ ከገቡት ወታደሮች አንዱ፣ ስንት ውጊያ ያየ ሰው፣ ሲሪንጅ ሲያይ ቢወድቅ የሚገርም አይደለም። ጀግንነቱም አልቀነሰም። ሰውነቱ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ብቻውንም አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ15 ሺህ በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው በ2021 በታተመ ጥናት፣ ከአራት ሰው አንዱ ያህል የመርፌ ፍርሃት ምልክት ታይቶበታል። በጦርነትም በስደትም ያላለፈ ሰው እንኳ ይህን ያህል ከፈራ በእኛ ላይ ምን ይደንቃል?

የሚገርመው የኛ ሕዝብ ከመርፌ ጋር ያለው ነገር ነው። መርፌ የማይወድ ሕዝብ አይደለንም። አገር ቤት እያለን "ሐኪሙ ኪኒን ብቻ ሰጥቶኝ ሰደደኝ፣ መርፌ እንኳ አልወጋኝም" እያለ የሚያማርር በሽተኛ ስንቱ ነበር! ፔኒሲሊን ከገባ ወዲህ መርፌ ማለት ዋናው መድኃኒት ማለት ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ እኛ እንደምናየው የሚወደደው የሚሰጠው መርፌ ነው። የሚወስደው መርፌ ነው የሚፈራው። መድኃኒት ሲገባ ሰው የተጨመረለት ይመስለዋል፤ ደም ሲወጣ ደግሞ የተቀነሰበት። ደም ለኛ ዝም ብሎ ፈሳሽ አይደለም፤ ዘመድ ነው፣ ነፍስ ነው፣ ካሳ ነው። "ደሜን ወሰዱት" ሲል ሰው የሚሰማውን እኛም እንሰማለን።

ታዲያ ስንት ነው የሚወሰደው? ራሽን ላይ የምናውቀውን አምስት ሊትር የሚይዝ የዘይት ጄሪካን አስቡ። የአንድ ትልቅ ሰው ደም መጠኑ ወደዚያ ይጠጋል። ለምርመራ በአንድ ብልቃጥ የሚቀዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ማለትም ቢበዛ አንድ የሻይ ማንኪያ። ከዚያ ጄሪካን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ቢቀዳ የጎደለው በዓይን አይለይም፤ ሺህ እጅ ተከፍሎ አንዱ ነው። ሦስትና አራት ብልቃጥ ቢሆንም እንኳ ሰውነት መልሶ ይተካዋል። ለሌላ በሽተኛ ደም የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ ትንሽ አርፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። "ደማችንን ይሸጡታል" የሚለውንም ወሬ ሰምተነዋል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ደም የሚነግድ የለም፤ ብልቃጥ ውስጥ ያለው መድኃኒት ተቀላቅሎበት ለምርመራ እንጂ ለሌላ ሰው የሚሆን ነገር አይደለም።

ግን ወሬው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከዝምታ ነው የመጣው። ደም ተቀድቶ ለምን እንደተቀዳ ካልተነገረ፣ ውጤቱም ካልመጣ፣ ሰው የራሱን ታሪክ ይሠራል። እዚህ ላይ የእስራኤል ወገኖቻችን ያጋጠማቸውን ማስታወስ ይበቃል። በጥር 1996 (እ.ኤ.አ.) የቤተ እስራኤል ልጆች የለገሱት ደም፣ ለእነርሱ ሳይነገር፣ ኤች አይ ቪ ተፈርቶ ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰልፈው ጮኹ። ያ ሁሉ ሰው የጮኸው መርፌ ወጋን ብሎ አልነበረም። ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ነገር ከጀርባቸው ምን እንደተደረገ የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ስለ ደሙ ተጠይቆ የሚመለስለት ሰው ጥርጣሬው ይቀንሳል፤ ይህ ለእስራኤልም ለጅቡቲም ይሠራል።

ሌላው የፍርሃት ምንጭ እኛው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ልጅ ሲያለቅስ ምን እንላለን? "ዝም በል፣ ዶክተሩ መጥቶ በመርፌ ይወጋሃል!" አልበላም ሲል መርፌ፣ አልተኛም ሲል መርፌ። ጅብ መጣብህ ከሚለው ቀጥሎ ያለው ማስፈራሪያ ይኸው ነው። (ሶማሊኛ የሚያውቁ ጎረቤቶቻችን ዋራበሌ በሚለው ስም ውስጥ ጅብ አለ ይሉናል፤ እኛ ሰፈር ያሉ ልጆች እንግዲህ ከሁለቱም አላመለጡም።) ከዚያ ልጁ ታሞ ጤና ጣቢያ ስንወስደው ነጭ ጋውን ሲያይ ይጮሃል፤ እኛም ተቆጥተን እጅና እግሩን እንይዛለን። ማስፈራሪያ አድርገን ያሳደግነውን ነገር በአንድ ቀን መድኃኒት ነው ብሎ እንዲቀበለን እንፈልጋለን።

ስለ ሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ክትባት ሲሰጥ ሕመም እንዲቀንስ ያወጣው ምክር አለ፤ ገንዘብ የማይጠይቅ ስለሆነ ለካምፕ ይሆናል። የሚጠባ ልጅ መርፌው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ጡት ይያዝ፤ ሲወጋም ይጥባ። ከፍ ያለው ልጅ በግድ ተጋድሞ አይያዝ፤ እናቱ ወይም አባቱ ጭን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ በእቅፍ ይያዝ። የሚያመው ክትባት በመጨረሻ ይሰጥ። እኛ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ "ምንም አያምህም" ብላችሁ አትዋሹት። ያመዋል፤ ሁለተኛ አያምናችሁም። "ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ እስከ አምስት ስንቆጥር ያልቃል" ቢባል ይበቃዋል።

የጎልማሶቹ ፍርሃት አንዳንዱ ደግሞ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ይህንን ጠንከር አድርገን መናገር እንፈልጋለን። በኦቦክ በኩል ባሕሩን ተሻግረው የመን ከደረሱት መካከል በደላሎች እጅ ወድቀው የታሰሩ፣ የተደበደቡ፣ ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ የተሰቃዩ ብዙ ናቸው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት በሀረድ አካባቢ የነበሩትን እንዲህ ያሉ የማሰቃያ ቦታዎች ዘርዝሯል። ከዚያ የተረፈ ሰው ክንዱ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ስለታም ነገር ይዞ ከላዩ ሲቆም፣ "ያዘው፣ እንዳይንቀሳቀስ" ሲባል ምን እንደሚመጣበት መገመት አያዳግትም። አንዲት ነፍሰ ጡር እህታችን ላስቲኩ እንደታሰረ ፈትታው ወጥታ ሄደች። ከኋላዋ "ባለጌ" የሚል ስድብ ተከትሏታል። የት እንደሆነ አንናገርም፤ እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። እህታችን ላስቲክ ሳይሆን ገመድ ነበር ያየችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለም?

ሽማግሌዎቻችን ደግሞ የሚያስታውሱት የመስታወት ሲሪንጅ እየተቀቀለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞርበትን ጊዜ ነው። የተወጋው ቦታ መግል ይዞ ያበጠበት፣ በኋላም በአንድ መርፌ ኤች አይ ቪ ይተላለፋል ሲባል የሰማ ሰው ቢጠራጠር ያለ ምክንያት አይደለም። ለዚህ መልሱ ቀላል ነው። መርፌው ከታሸገበት በፊታችሁ ይከፈት። "በፊቴ ክፈቱልኝ" ማለት ነውር የለበትም፤ ጥሩ ሠራተኛ ሳይጠየቅም ያሳያል። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ሁሉ አንዴ ከሠራ ሁለተኛ ወደማይሠራ ሲሪንጅ እንዲዞሩ ጥሪ ያደረገው ይኸው ስጋት ቀልድ ስላልሆነ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጅቡቲ ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሰማው ፈረንሳይኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና ዓረብኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ወገናችን ስሙ ሲጠራ እንኳ በደንብ አይለየውም። ተቀመጥ ይባላል በምልክት፣ ክንድህን አምጣ ይባላል በምልክት፣ ከዚያ ውጋት ነው። ምን እንደሚመረመር፣ ስንት ብልቃጥ እንደሆነ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ አንድም ቃል የለም። ሠራተኞቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ቋንቋውም የለም። በ2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግ ስደተኛው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱ በር ድረስ ያደርሳል። ከበሩ ወዲያ ግን የሚያስተረጉም ሰው ከሌለ ለሚፈራ ሰው በሩ እንደተዘጋ ነው። ስለዚህ ሪፈር የሚጽፉት ክፍሎች ወረቀቱ ላይ የበሽታውን ስም እንደሚጽፉት ሁሉ "መርፌ ይፈራል፣ ከዚህ በፊት ወድቋል፣ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል" የሚል አንድ መስመር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን። አንድ መስመር ናት፤ በጀት አትጠይቅም።

እስከዚያው ድረስ እኛው ለእኛ እንሁን። ሰው ይሸኝ። መርፌ የሚፈራ ሰው አጠገቡ የሚያውቀው ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ምንም፣ ግማሹ ነገር ይቀልለታል። ግን እዚህ ላይ የሚያጣላን ነገር ስላለ በግልጽ እንነጋገርበት። በአማርኛ "ደም ተመርመር" የሚለው ቃል ራሱ ሸክም አለበት። አገር ቤት በተለይ በ2006 እና 2007 (እ.ኤ.አ.) የሚሊኒየሙ ኤድስ ዘመቻ ጊዜ "ደም መመርመር" ሲባል ኤች አይ ቪ መመርመር ማለት ብቻ ሆኖ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ "ለደም ምርመራ ሄደች" ከተባለ ጎረቤት ይተያያል። የደም ማነስም ይሁን ስኳር፣ ኩላሊትም ይሁን ወባ፣ ሰው የሚያስበው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ "መርፌ እፈራለሁ" ከሚሉት ውስጥ አንዳንዱ መርፌውን አይደለም የሚፈራው። የሚፈራው ወረቀቱን ነው። ከወረቀቱም ይልቅ ወረቀቱን የሚያየውን ሰው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው "እኔ ልሸኝህ" ማለት ያባብሰዋል እንጂ አይረዳውም። ካምፕ ውስጥ ወሬ ከውሃ ቦቴ ቀድሞ ይደርሳልና። በመሆኑም ልማዱ እንዲህ ይሁን እንላለን፤ ሸኚው ደሙ እስኪቀዳ ድረስ አጠገብ ይሁን፣ ውጤት ሲነገር ግን ውጭ ይቀመጥ። ምን አሉህ ብሎም አይጠይቅ። ውጤቱን የሚያስተረጉመው የጤና ሠራተኛ ወይም ለዚሁ የተመደበ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ቃል የገባ ሰው ይሁን። ልጆችንም አስተርጓሚ አድርገን አንውሰድ። ልጆቻችን ሶማሊኛውን ከሰፈር ጓደኞቻቸው ቶሎ ስለሚይዙት "ና አስተርጉምልኝ" ማለት ይቀናናል። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ በሽታዋን እንዲነግራት ማድረግ ግን ለልጁም ለእናቱም ከባድ ነው። ኤች አይ ቪ ቢገኝ እንኳ ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ2005 ወዲህ ስንቱ ሰው ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ልጁም ነፃ ሆኖ እየኖረ ነው።

ሁሉም ምርመራ ትልቅ መርፌ እንደማይፈልግም እንወቅ። የሳንባ ነቀርሳ ዋናው ምርመራ በአክታ ነው። የወባውና የስኳሩ ፈጣን ምርመራ፣ የኤች አይ ቪውም የመጀመሪያ ምርመራ ብዙ ጊዜ ጣት ተወግቶ በጠብታ ደም ነው። ጣት ሲወጋ ከጫፉ መሃል ይልቅ ጎኑ ላይ ቢሆን ሕመሙ ያንሳል፤ ስኳር ያለባችሁ በየቀኑ የምትለኩት ይህን ያዙ።

ስለ ወባ ትንሽ ቆም ማለት አለብን፤ እዚህ አገር የመርፌ ፍርሃት ሰው ሊገድል የሚችለው በዚህ በኩል ነውና። በ2012 ጅቡቲ ውስጥ በዓመቱ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ነበር። በ2020 ከ73 ሺህ አለፈ። በዚያው በ2012 አካባቢ ከእስያ የመጣች፣ በከተማ የውሃ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባ የወባ ትንኝ ጅቡቲ ውስጥ ተገኘች። ድሬዳዋ ላይ በ2022 ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት የሆነችው ይቺው ናት። ስለዚህ ከተማ ደርሶ ካምፕ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው "ሙቀቱ ነው" ብሎ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት የለበትም። ብዙ ሰው ደግሞ "ትናንት ጣቴን ወግተው የለህም አሉኝ፣ ዛሬ እንደገና ክንድህን ይሉኛል፣ ይጫወቱብኛል እንዴ?" ብሎ ይቆጣል። አይጫወቱበትም። በጅቡቲ የሚገኘው የወባ ተውሳክ፣ አንዳንዱ ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ምልክት የጣለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ወባው እያለ ወረቀቷ የለም ልትል ትችላለች። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ለማየት ሌላ ደም ሲጠይቅ ምክንያት አለው። ችግሩ ይህንን የሚነግረን ሰው አለመኖሩ ነው፤ ቢነገረንማ ክንዳችንን ራሳችን እንዘረጋ ነበር።

ለነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ። የደም ማነሱ፣ ቂጥኙ፣ ኤች አይ ቪው፣ የጉበቱ ቫይረስ፣ የደም ዓይነቷ በጊዜ ካልታወቀ አደጋው ለሁለት ነው። አንድ ቀን ሁለት ሦስት ብልቃጥ ተቀድቶ ለብዙ ጥያቄ መልስ ይገኛል። ባል ሚስቱን ቢሸኝ ደስ ይለናል። እርሱም ክንዱን ቢዘረጋ ደግሞ የበለጠ።

እሺ፣ የሚወድቀው ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ይናገር። "እኔ እወድቃለሁ" ይበልና ተጋድሞ ይወጋ፤ የተጋደመ ሰው ከወንበር አይወድቅም፣ ደሙም ወደ አንጎሉ ይደርሳል። ሆዷ የገፋ እናት በግራ ጎኗ ትጋደም። ሁለተኛ፣ በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ ላርስ ጎራን ኧስት የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ያስፋፋው ዘዴ አለ፤ ማንም በቤቱ ሊለማመደው ይችላል። የሚወጋውን ክንድ ለቀቅ አድርጎ፣ የሌላውን ክንድ፣ የሆድንና የእግርን ጡንቻ አጥብቆ መወጠር። ፊት ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰኮንድ መያዝ፣ ከዚያ ለ20 ወይም 30 ሰኮንድ ወደ ነበረበት መመለስ፣ አምስት ጊዜ ያህል መደጋገም። ይህ የሚወርደውን የደም ግፊት ያነሳዋል። ልብ በሉ፣ "ዘና በል፣ ሰውነትህን ልቀቀው" የሚባለው ምክር ለሌላ ፍርሃት ጥሩ ነው፤ ለሚወድቅ ሰው ግን የወረደውን ግፊት አያነሳም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ግን መወጠሩን ከመሞከሩ በፊት የጤና ሠራተኛ ይጠይቅ።

የጅቡቲን ሙቀት ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ስሩ ይደበቃል፤ ስሩ ሲደበቅ መርፌው ይደጋገማል፤ ሲደጋገም ፍርሃቱ ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ። "በባዶ ሆድ ና" የተባለውም ሰው ከሐኪሙ የተለየ ትእዛዝ ከሌለው ንጹሕ ውሃ መጠጣት ይችላል። በባዶ ሆድ ና ካልተባላችሁ ደግሞ ብሉ። ሌሊቱን ሙሉ ጫት ሲቅም አድሮ፣ ሳይተኛ፣ ሳይበላ፣ ልቡ እየመታ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢዝለፈለፍ መርፌዋ ምን አደረገች?

ለጤና ሠራተኞቹም፣ በተለይ ከእኛው መካከል ተመርጠው በካምፕ ለሚሠሩት ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ቃል አለን። ሥራችሁ ብዙ እንደሆነ እናያለን። ግን ላስቲኩን ከማሰራችሁ በፊት "ከዚህ በፊት ወድቀሽ ታውቂያለሽ?" ብሎ መጠየቅ ከወደቀ ሰው ጋር ከመታገል ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ ስሩ እምቢ ካለ ለሌላ ሰው ስጡት፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። ብልቃጦቹን ሰው ፊት ደርድራችሁ አታስጠብቁት። "በቃኝ፣ አቁሙ" ሲል አቁሙ፤ ቆማችሁ ስታሳዩት ነው ሁለተኛ እንድትጀምሩ የሚፈቅድላችሁ። ተይዞ በግድ የተወጋ ሰው ያን ቀን ደሙን ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አታገኙትም።

ከዋራበሌ የምንኖረው ሰዎች የምንችለው ትንሽ ነው፤ ያችኑ እናደርጋለን። ለምርመራ መጥታችሁ እዚህ ሰፈር ያረፋችሁ ሰዎች ያረፋችሁበትን ቤት ሰው "ሸኙኝ" በሉ፤ ቋንቋ የሚችል ሰው ፈልገን አብረን እንሄዳለን። ሰው ካልተገኘ ደግሞ ጥቂት ቃላት ይዛችሁ ሂዱ። ደም በዓረብኛ ያው እንደ እኛው "ደም" ነው፤ መርፌ "ኢብራ" ነው። በሶማሊኛ ደም "ዲግ"፣ መርፌ "ኢርባድ" ይባላል። በፈረንሳይኛ ደም መቀዳት "ፕሪዝ ደ ሳን" ነው፤ ይህ ቃል ሪፈራችሁ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። "መርፌ እፈራለሁ" ለማለት በሶማሊኛ "ኢርበዳ ዋን ከ በቃ"፣ በፈረንሳይኛ "ዤ ፐር ደ ፒኪዩር" በሉ። "መጋደም እፈልጋለሁ" ደግሞ በሶማሊኛ "ዋሐን ረባ ኢናን ጂፍሳዶ"፣ በፈረንሳይኛ "ዤ ቬ ማሎንጄ" ነው። አነጋገሩ ቢጣመምም ይገባቸዋል። እነዚህን በአማርኛ ፊደል በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከሪፈራችሁ ጋር አንድ ላይ እጠፉት።